የእሜቴ ካሰች ቁርጥማት

በሚሊኒየሙ ዓመት፣ በበርበሬ ወቅት፣ እሜቴ ካሰች «ቁርጥማት ያዘኝ፤ ጣቶቼ አልጨበጥ አሉ» ማለት ከጀመሩ ሦስት ወር ሞላቸው። ምራታቸው ንግሥቴ ግን አንድ ቀንም አላመነቻቸው።

ታማሚ እንዴት ጠዋት አቃስቶ ከሰዓት ይድናል? ንግሥቴ ማልዳ የጋጣውን መዝጊያ በክርኗ ገፍታ ላሞቹን ስታወጣ፣ አማቷ ከመደባቸው ላይ ሆነው «ወየው እጄን!» ይላሉ። ቀትር ሲያልፍ ደግሞ ደጃፍ ተቀምጠው፣ የቡሬ ሴት ሁሉ በሚቀናበት ፍጥነት በርበሬ ይቀነጥሳሉ። ንግሥቴ ራሷ ግን ዘንድሮ ግማሽ ጆንያ መጨረስ ተስኗታል። በርበሬው አፏን አቁስሏት ቆሎ እንኳ ከተወች ሰንብታለች።

«እኔ ወገቤ እየተቆረጠ እናትህ ይሞላቀቃሉ» ትላለች ለባሏ ለወንዳወቅ። እሱም በእናትና በሚስት መካከል እንዳለ ወንድ ሁሉ፣ ከብት ሊያይ ይወጣል።

እሜቴ ይባስ ብለው ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ውሰጅኝ አሉ።

«ከወንዳወቅ ጋር ይሂዱ እንጂ እሜቴ።»

«አይሆንም። አንች ነሽ የምትወስጅኝ።»

ንግሥቴ እናቷ ገብተው ካልወጡ ወዲህ ሐኪም ቤት ረግጣ አታውቅም። አሁን ግን እሺ አለች፤ ቆርጣለችና። ሐኪሙ «ደኅና ናቸው» ካለ፣ ልብሷን ጠቅልላ ጅጋ አባቷ ቤት ትገባለች። ሽማግሌ ቢላክም አትመለስም።

ሚኒባሱ ውስጥ እሜቴ ካሰች ቆሏቸውን ቀጭ ቀጭ አደረጉት። ንግሥቴ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ደክሟታል፤ ሰው ሲዋሽ ማየት ከሥራ በላይ ያደክማል።

ሐኪሙ ወጣት ነው። «ምንዎን ነው የሚያምዎት እናቴ?»

«ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ይላሉ ልጄ። እስከ ረፋድ አይለቁኝም። አንጓዎቼ ያብጣሉ። ድዴም ይደማል።»

ንግሥቴ ከንፈሯን ነከሰች። የድዱን ደግሞ ከየት አመጡት? ውሸት ሲሰነብት ዘመድ ያፈራል።

ሐኪሙ ግን ብዕሩን አስቀመጠ። «ድድዎን ማንሳትዎ ጥሩ ነው። ድዱ ለረጅም ጊዜ የታመመ ሰው አንዳንዴ መገጣጠሚያውንም ያመዋል፤ ሁለቱ ይዛመዳሉ። ቶሎ ካልታከመ ጣት አጣሞ ያስቀራል።»

ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፈ፣ ዘረጋ። አፋቸውን አስከፍቶ በባትሪ አየ። እንደገና ጣቶቻቸውን ዳበሰ።

«እናቴ፣ ድድዎ ንጹሕ ነው። ጣትዎም የልጃገረድ ጣት ነው። ምንም የለብዎትም።»

ንግሥቴ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። ሦስት ወር የተቃጠለችበት እውነት ይኸው ወጣ። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ማልቀስ ብቻ አማራት።

«እንግዲህ ይብቃን እሜቴ። ቤትዎን ይረከቡኝ።»

እሜቴ ካሰች ከወንበሩ ተነሥተው ክንዷን ያዙና ቀስ ብለው በቦታቸው አስቀመጧት። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞሩ።

«እኔማ ደኅና ነኝ ልጄ፤ የነገርሁህ የእሷን ነው።»