የኋላ ቀኝ ሞላ

በዚህ ዓመት የመኪናዬ የኋላ ቀኝ ሞላ ሲሰበር ይህ ሦስተኛው ነው፤ ሁሉም አዲስ ነበሩ።

«እህቴ፣ ከኋላ ማንን ነው የምትጭኚው?» አለኝ መካኒኩ።

«ማንንም። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት፣ ብቻዬን። እኔ ደግሞ እንደምታየኝ ነፋስ የሚወስደኝ ነኝ።»

«ሞላ አይዋሽም፤ ሸክም ነው የሚሰብረው።»

ወፍራም የጭነት መኪና ሞላ ገጠመልኝና ክሪኩን አወረደ። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ከጎማው በላይ ባለው ክፍተት የተጨበጠ እጁን እየከተተ ለካ። በግራ በኩል ገባለት። በቀኝ በኩል አልገባም።

የኋላውን በር ከፈተ። ማንም የለም፤ የቀኙ መቀመጫ ግን ጎድጉዷል። የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ ያህል በሩን በቀስታ ዘጋው።

«ከዚህ በላይ እኔም አልችልም» አለ።

ቁልፉን እጁ ላይ ትቼለት ወጣሁ። የጋራዡ በር ላይ ስደርስ ሞላው ከኋላዬ ሲጢጥ አለ። ዞር ስል መካኒኩ በቀኝ ጎማ በኩል ተንበርክኳል፤ እጁ ገብቶለታል። ቀና ብሎ አየኝ። ነይ መኪናሽን ውሰጂ ብሎ ግን አልጠራኝም።

መንገዱ ዳር ባዶ ታክሲ ቆሞ ነበር። የኋላውን በር ከፈትኩ።

እግሬን ሳላነሳ ታክሲው በቀኝ በኩል ዝቅ አለ።