የደከመ ድንጋይ

አራቱን ባትሪ ድንጋዮች ከመስኮቱ ላይ አነሳቸዋለሁ። ፀሐይ ላይ ስለዋሉ መዳፌ ውስጥ ይሞቃሉ፤ ገና ከዶሮ ሥር እንደተነሳ እንቁላል።

«ተዋቸው፣ ገና ናቸው» ትለኛለች እናቴ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። «ትንሽ ፀሐይ ሲያገኙ ነፍስ ይዘራሉ።»

«ነፍስ የሚዘሩት ለአንድ ዘፈን ያህል ነው እማዬ፣ ሙቀቱ ያነቃቃቸዋል እንጂ ያለቀውን አይመልስላቸውም፣ ደግሞ ብርድ ሲያገኛቸው ወዲያው...»

«ቀስ ብለህ አውራ። አልሰማሁህም።»

ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደምትለኝ እንጃ። ስናገር ቃላቴ በር ላይ እንደሚጋፋ ሰው እርስ በርስ ይረጋገጣሉ፤ ድምፄም ቀጭን ነው። ስልክ ሳነሳ ዛሬም ድረስ «እናትሽን አቅርቢልኝ» የሚሉኝ አሉ። ትምህርት ቤት ስሜ ትንኝ ነበር።

የአባቴ ድምፅ እንዲህ አይደለም። መንገድ ሥራ ሄዶ በደብዳቤ ፋንታ የላከው አንድ ካሴት አለን፤ እሱ ራሱ ግን ከዚያ አልተመለሰም። እኔ ያን ጊዜ ገና ሆድ ውስጥ ነበርኩ። ካሴቱ ላይ ድምፁ ወፍራም ነው፤ እያንዳንዱን ቃል መዝኖ ነው የሚያስቀምጠው፣ ትልቅ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ዳኛ። «አባትህማ የረጋ ሰው ነበር» ትለኛለች እናቴም፣ ሰምታ ስታበቃ። ልጅ ሳለሁ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍኜ እንደሱ ለማውራት እሞክር ነበር፤ ትርፉ ሳል ሆነ። መልኬ የእናቴ ወንድሞች ነው፤ ቁመቴም የነሱ። ከአባቴ የደረሰኝ ስሙ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከስሜ ኋላ ነው የሚመጣው።

ካሴቱን የምናጫውትበት ቴፕ ትናንት ጭራሽ አልነሳ አለ። ለዚህ ነው ከምሠራበት የመኪና ባትሪ ቤት መለኪያውን ተውሼ የመጣሁት። ሁለቱን ሽቦዎች ከመጀመሪያው ድንጋይ ጫፍና ጫፍ ጋር አገናኛለሁ። የመለኪያው መርፌ ብድግ ይላል።

«አለው እኮ» ትላለች እናቴ። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አጠገቤ ቆማለች።

«ዝም ብሎ ሲቀመጥማ አለው። ሥራ ስጪውና እዪው።» ትንሽ አምፖል አያይዝበታለሁ። መርፌው ቁልቁል ይንሸራተታል። «ቮልቱ የሚታወቀው ሲሸከም ነው።»

«የወንድሜን ጠባይ ነው የምትነግረኝ» ትላለች። «ቁጭ ብሎ ሲያወራ ብታየው ተራራ የሚንድ ይመስልሃል።»

ሁለተኛው የባሰ ነው። ሦስተኛው ደህና ነው፤ እሱን በቅርቡ ነው የገዛችው። አራተኛው ሞቷል። ልማዷ ነው፤ አንዱ ሲሞት አንድ ትቀይራለች፣ አዲሱ አሮጌዎቹን ይደግፋቸዋል ብላ።

«አይደግፋቸውም እኮ እማዬ። ተሰልፈው ነው የሚሠሩት፤ የደከሙት እሱንም ይጎትቱታል።»

«ትዳር ነው በለኛ።»

እየሳቀች ወደ ስፌት መኪናዋ ትመለሳለች። እኔ ግን እዚያው እቀራለሁ። ከተወለድኩ ጀምሮ እዚህ ቴፕ ውስጥ አራት አዲስ ድንጋይ በአንዴ ገብቶ አያውቅም።

ዛሬ የገዛኋቸውን ከኪሴ አወጣለሁ። እለካቸዋለሁ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ ስድስት ቮልት። አምፖሉን ሳሸክማቸው መርፌው እምብዛም ንቅንቅ አይልም። በደከመ ድንጋይ እንደዚያ የሚያስገመግም ሰው፣ ሙሉ ጉልበት ሲያገኝ እንዴት ሊሆን ነው እላለሁ።

«ካሴቱ አርጅቷል» ትላለች እናቴ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳደረገች። «ቢበጠስ ሌላ የለንም። ብትተወውስ?»

«አይበጠስም» እላለሁ። እንደ አባቴ አረጋግቼ ልለው ፈልጌ ነበር፤ እንደ ልማዱ አመለጠኝ።

እግሯን ፔዳሉ ላይ ታሳርፋለች። የስፌት መኪናው መንኳኳት ይጀምራል። እኔም አራቱን አዲስ ድንጋዮች አስገብቼ የቴፑን ቁልፍ እጫናለሁ።

«ሄሎ፣ ሄሎ፣ ይሰማል? አዲስ ድንጋይ ነው ያስገባሁለት፣ አራቱንም፣ አሁንም አልሰማም ካለ ወንዝ ነው የምጥለው፣ ደህና ነሽ ወይ፣ ልጁስ፣ አሁንም ይራገጣል?»

ቃል በቃል አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ «ወንዝ ነው የምጥለው» የሚለው ጋ ሲደርስ እፈራ ነበር፤ በዚያ ወፍራም ድምፅ እንደ ፍርድ ነበር የሚወጣው። አሁን ካሴቱ ሳይጎተት በፍጥነቱ ሲዞር የሚያወራው ግን ድምፁ ቀጭን የሆነ አንድ ጎረምሳ ነው፤ ቃላቱ በር ላይ ይጋፉበታል፣ ሳቁን አፍኗል። ቀልድ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት አባቴ ሲቀልድ ነበር።

የስፌት መኪናው ቀጥ ይላል።

«ቀስ ብለህ አውራ እንጂ» ትላለች እናቴ፣ ሳትዞር። «አልሰማሁህም።»

ድምፁ ስለ ዝናቡ፣ በር ኋላ ስለረሳው ጃንጥላ እየተቻኮለ ይቀጥላል። የእናቴ እጅ የመኪናው መዘውር ላይ ቀርቷል፤ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተሰካ ነው። ቀስ ብላ ትዞራለች። መጀመሪያ ቴፑን ታያለች፣ ከዚያ የተዘጋ አፌን።