ድሪፍት ከቀኝ ወንበር

ውርርዱ ቀላል ነበር። አባትየው በቤታቸው የመኪና ጌም መሪ አንዲት ኩርባ በድሪፍት፣ መኪናዋን በጎኗ አንሸራቶ ካለፈ፣ ልጁ ኤፍራታ እምቢ ያለችውን መንዳት ከእሱ ትማራለች።

ሃያ ዓመት ከተማሪዎቹ በስተቀኝ ተቀምጦ መንዳት ያስተማረ ሰው፣ ኩርባው በመጣ ቁጥር እግሩ ፍሬኑ ላይ ዘሎ ጉብ ይላል። መኪናዋ ትንገጫገጭና ግድግዳውን ትሳለማለች።

«አባዬ፣ ፍሬኑ ምን በደለህ? ተማሪ ይዘህ ነው እንዴ የምትነዳው?»

በሳቅ እንባቸው ፈሰሰ።

«በቃ ተነስ፣ ላሳይህ» አለችና መሪውን ተረከበች። እሱ በቀኟ ተቀመጠ። ኤፍራታ በፍጥነት ገብታ መሪውን ስትጠመዝዘው የመኪናዋ ኋላ ከልክ በላይ ዞረ፤ ግድግዳው ፊቷ ተደቀነ።

የአባቷ ግራ እጅ ሳያስበው ተወርውሮ መሪውን ያዘ።

«ነዳጅ ስጪ! ስጪ እንጂ!» ብሎ ጮኸ፤ መሪውንም ወደ ተቃራኒው መለሰው። ኤፍራታ እሷም እየጮኸች ነዳጁን ረገጠችው። መኪናዋ ጎማዋ እየጨሰ፣ ግድግዳውን ለጥቂት ስታ፣ በጎኗ ተንሸራታ ወጣች።

ሁለቱም ከወንበራቸው ዘለው ተቃቀፉ።

«አባዬ» አለች ትንፋሽ አጥሯት፣ «ነገ ስንት ሰዓት ልዘጋጅ?»