የተወረወረው ጓጉንቸር

ጦርነቱ ውጫሌ ሲደርስ እንየው መራመድ ያቃታቸውን አክስቱን እማሆይ ስህንን ቤት ትቶ ሸሸ። ወታደር ቤቱን ባዶ ነው ብሎ እንዲያልፈው በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ቆለፈና በቀዳዳው፣ «ድምፅ እንዳያሰሙ እማሆይ፤ ነገ መጥቼ እወስድዎታለሁ» አላቸው። መንገዱ የተከፈተው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። ሲመለስ ጓጉንቸሩን የነካው ሰው አልነበረም።

«በሽታ ነው የወሰዳቸው» ብሎ ለአገሩ ሁሉ አወራ፤ ለንስሐ አባቱ ለቄስ አስረስ እንኳ እውነቱን አልተነፈሰም። ጓጉንቸሩን ከነቁልፉ ሐይቅ ድረስ ወስዶ ውኃው ውስጥ ወረወረው።

በሙት ዓመታቸው ጠዋት ቄስ አስረስ ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጡ። ማዕዘኑን ሁሉ ረጭተው በሩ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ሳንቃው በውስጥ በኩል፣ ከታች፣ ክፉኛ ተቧጭሯል።

«ይኸ ምንድነው ልጄ?»

«አይጥ ነው አባ።»

ቄሱ አተኩረው አዩት። «የምትነግረኝ ነገር የለም?»

«ኧረ ምንም የለ።»

በመስቀላቸው አሳልመውት ወጡ። ሊሸኛቸው ጋቢውን አንስቶ ሲዞር በሩ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ቢስበው አልነቃነቅ አለ። ከውጭ ጓጉንቸር ቀጭ ሲል ሰማ።

ከመንገዱ ላይ ቄሱ ከጎረቤቱ ከሀሚዱ ጋር ሲሳሳቁ ይሰማል። እንየው ሊጣራ አፉን ከፈተ። ያኔ በበሩ ቀዳዳ የሐይቅ ውኃ ሸተተው፤ የእማሆይም ድምፅ በለሆሳስ መጣ።

«ድምፅ እንዳታሰማ እንየው፤ ነገ መጥቼ እወስድሃለሁ።»