አንድ ጉንጭ ብርዝ

ይመኙሽ ከጆጉ በባሏ በአወቀ መዳፍ ላይ ቀዳችለት፤ እሱም በማኅበርተኞቹ ፊት ወደ አፉ ገለበጠው። ባለቤት ሳይቀምስ እንግዳ አይጠጣም። ከዚያ ጉንጩ እንደ ሞላ ቀጥ ብሎ ቀረ። ብርዙ ብርዝ አልነበረም። ተብላልቶ ጠጅ ሆኗል።

ማኅበሩ የሚካኤል ጽዋ ነው፤ ሰፈርተኛው ግን “የደረቆች ማኅበር” እያለ ይስቅበታል። ይሳቅ! አረቄና ጠላ ኑሯቸውን ያፈረሰባቸው ሰዎች ጸበል ላይ ተገናኝተው የመሠረቱት ነው። እንደ ማንኛውም ጽዋ ጸሎት ይደረሳል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ተረኛው ያበላል። ጠላ ብቻ ደጃፉን አይረግጥም፤ በሱ ፈንታ ማር በውሃ በጥብጠው ይጠጣሉ። ከመካከላቸው አንዱን ያ ጥማት ሲነሳበት ስልክ ደውሎ “ያዙኝ” ይላል። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ቅርብ ያለው እየሮጠ ይመጣል። አወቀን ራሱን ስንቴ ከአረቄ ቤት ደጅ ከነባጃጁ መልሰውታል።

ይመኙሽ በስካሩ ምርር ብሏት ማክሰኝት ወላጆቿ ዘንድ ገብታ ተቀምጣ ነበር። ስትመለስ የተናገረችው አንድ ነገር ነው። “አንድ ጉንጭ ከዋጥክ፣ ሚካኤልን! ዳግመኛ አታየኝም።” ዛሬ ታዲያ ተራው የአወቀ ሆኖ ሰው ቤቷ ሊገባ ነው ሲባል ደስታዋ ልክ አጣ። ከጉጉቷ የተነሳ ማሩን ከቀናት በፊት በጠበጠችው፤ ያውም በእናቷ ጋን። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ አጥባ በወይራ አጥናዋለች፤ ምን ዋጋ አለው፣ እናቷ ዕድሜ ልካቸውን ጠጅ የጣሉበት ጋን ነው። የበጠበጠች ዕለት ብትቀምሰው ማር ማር ይል ነበር። ከዚያ ወዲያ ክዳኑንም አልነካችም።

አሁን ያ ነገር አወቀ አፍ ውስጥ ነው። ምላሱ ወዲያው ለየው፤ የድሮ ወዳጅ መቼ ይጠፋል። ፈለገው። ክፉኛ ፈለገው። ቢውጠውስ ማን ይፈርድበታል? የበጠበጠችው እሷ፣ የቀዳችለት እሷ። ጥፋቱ የማንም ያልሆነ አንድ ጉንጭ ከእንግዲህ የት ይገኛል?

መትፋቱም አልሆነለትም። መምሬ ኪዳነወልድ ጸልየው፣ ባርከው ነው የወጡት፤ የተባረከ ነገር ሰው በሚረግጠው ቄጠማ ላይ አይተፋም። ወደ ደጅ እንዳይሮጥ ደግሞ ማኅበርተኛው በሩ ድረስ ጢም ብሎ ተቀምጧል።

“ምነው አወቀ፣ ጥርስህን አመመህ እንዴ?” አለች ሸዋአየሁ ዋንጫዋን ዘርግታ። ዛሬ እንዲህ ጭምት ሆና ብትታይም፣ ድሮ አረቄ ሻጭ ነበረች፤ የምትሸጠውን ራሷ ጠጥታ የጨረሰች።

“ኧረ አስቀዳልን! ማኅሌት ቆመን ያደርን ሰዎች ነን፣ ጉሮሯችን ደረቀ” አለ መሪጌታ ህሩይ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

አያ ዋኘው ግን አልሳቀም። የማኅበሩ ሙሴ እሱ ነው፤ ሁሉንም ሰብስቦ ያቆመ ሽማግሌ። የአወቀን ዓይን አየ፣ አየሩን በአፍንጫው ሳብ አደረገ። ከዚያ ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተነሣና ሁለት መዳፉን ገጥሞ ከአወቀ አገጭ ሥር ዘረጋ።

“እዚህ ትፋው፣ ልጄ።”

አወቀ ራሱን ነቀነቀ። በሽማግሌ እጅ ላይ!

“ትፋው እልሃለሁ! እኔ ስንት የተከበረ ቦታ ተፍቻለሁ።”

ሳቁ ቆመ። አወቀ ዓይኑን ጨፈነ። ጉሮሮው አንዴ ወደ ታች ሊል ቃጣው፤ ያዘው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሁሉንም በሽማግሌው መዳፍ ላይ ተፋው፣ ምራቁንም ጨመረበት።

“አልዋጥኩም” አለ፤ ለማንም ሳይሆን ለይመኙሽ። “እይኝ፣ አልዋጥኩም።”

ይመኙሽ ጆጉን አሸተተች። “ወይኔ ጉዴ! እኔው፣ በገዛ እጄ!”

ማንም አልተቆጣትም። ሸዋአየሁ ዋንጫዋን ደፍታ መሬት አስቀመጠች። መሪጌታ ህሩይም ደፋ፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

“ማሩ ነው ልጄ፣ አንቺ አይደለሽም” አላት አያ ዋኘው። ድምፁ ግን ልክ አልነበረም። ሽታው ከመዳፉ እየተነሣ አፍንጫው ሥር ደርሷል። ዞር ብሎ ማኅበርተኞቹን አየ።

“ያዙኝ” አለ።

ሸዋአየሁ አንዱን ክርኑን፣ መሪጌታ ህሩይ ሌላውን ያዙ። የተቀመጠው ሁሉ ተነሥቶ መንገድ ለቀቀ። አያ ዋኘው ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ ገጥሞ የያዘውን መዳፉን ከአካሉ አርቆ ቀስ እያለ ወጣ። ከአጥሩ ጥግ፣ ሰው ከማይረግጠው የኮሽም ግንድ ሥር ሲደርሱ እጁን ከፈተው።

አወቀ ውሃ በጣሳ፣ ይመኙሽ ሳሙና ይዘው ተከትለዋቸው ነበር። እያፈሰሰለት አያ ዋኘው በሳሙና አሸ፣ አለቀለቀ፣ ደግሞ አሸ። ሁለቱ ክርኑን አልለቀቁም። ውሃው ሲያልቅ እጁን ወደ ይመኙሽ ዘረጋ።

“እስቲ አንቺ አሽትቺልኝ። የኛ አፍንጫ አይታመንም።”

ይመኙሽ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ጎንበስ አለች። አራቱም ፊቷን እያዩ ጠበቁ።

“ገና ነው” አለች።

አወቀ ጣሳውን ሊሞላ ወደ በርሜሉ ተመለሰ።