የእናትየው ስለት

በገብርኤል ንግሥ ላይ ማይክ የምይዘው እኔ ነኝ። ስለት ያገባ ሰው የለመነውንና ያገኘውን ባጭሩ ይናገራል፣ ሕዝቡ እልል ይላል፣ ቀጣዩ ይመጣል።

ልጃቸው አስቻለው ዘምቶ ደብዛው የጠፋባቸውን እናት ስድስት ዓመት አውቃቸዋለሁ። ክረምት ከበጋ በሴቶች በር በኩል ቆመው ይሰግዳሉ። ዘመድ እርማቸውን እንዲያወጡ ሲለምናቸው እምቢ አሉ። እኔም አምና፣ "እማማ፣ ፍትሐት ቢያደርጉለት አይሻልም?" ብያቸው ነበር። ቀና ብለው አይተውኝ ወደ ስግደታቸው ተመለሱ። ግንባራቸው አፈር ነክቶት ነበር።

ዘንድሮ ወርቅማ ዘርፍ ያለው ጥላ ይዘው ከባለስለቶቹ ተራ ሳያቸው ማይኩን ይዤ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

"ልጄን ከሰጠኸኝ ጥላ አገባለሁ ብዬ ተስዬ ነበር፤ ሰማኝ" አሉ።

ግቢው በእልልታ ቀለጠ። ታሪካቸውን የሚያውቁ ሴቶች ተላቀሱ። እኔም አፍሬ፣ ደስም ብሎኝ፣ "የታለ እማማ? ይምጣና ካህናቱ ይባርኩት" አልኩ።

"መጀመሪያ ላይ በሕይወት መልስልኝ እል ነበር" አሉ፣ ድምፃቸው ሳይዋዥቅ። "ካምና ወዲህ ግን አጥንቱን ብቻ ነበር የምለምነው። ብዙ ሆነው ከተቀበሩበት ጉድጓድ ሲያወጡት፣ አንገቱ ላይ ባሰርኩለት መስቀል ለየሁት። ባለፈው ሳምንት አገር ቤት ከአባቱ ጎን ቀበርኩት።"

ጥላውን አቀበሉኝና ወደ ሰዉ ዞሩ።

"ምነው ዝም አላችሁ?" አሉ። "እልል በሉልኝ እንጂ፤ ስለቴ እኮ ሰምሯል።"