የአሥር ሰዓት ቆጠራ

ሊጡን ትሪው ላይ እየደረደርኩ የግድግዳውን ሰዓት አያለሁ። ለአሥር አሥራ ስምንት ደቂቃ ጉዳይ ነው። አሁን ምድጃ ውስጥ ቢገባ ልክ አሥር ሰዓት ላይ ይደርሳል። ከሰዓት ሁሉ አሥር ሰዓት!

«ኦዴል፣ ሰዓቱን በዓይንህ ጨረስከው እኮ» ይለኛል ላማር ከጎኔ። «የቀጠርካት ሴት አለች እንዴ?»

«አፍህን ትተህ እጅህን አንቀሳቅስ።»

«እጄማ ከጨረሰ ቆየ። አንተ ነህ እንጂ የምትንቀራፈፈው፣ ሽማግሌው!»

ሁለታችንም ከእስር የወጣን ነን፤ እኔ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ እሱ ከዘጠኝ። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት በሚሰጠው የዳቦ ጋገራ ሥልጠና አሥራ አንድ ሳምንት አብረን ዱቄት ለብሰናል። ዛሬ ፈተና ነው። ፈታኙ ሚስተር ሩዲገር የራሱ ዳቦ ቤት አለው፤ የሚወስደው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራ ያልያዘ ስንፈታ ከተሰጠን ማደሪያ ይወጣል፤ ውጭው ደግሞ የሚልዋኪ ከተማ የጥር ብርድ ነው።

ፈተናው ስምንት ሰዓት ላይ መጀመር ነበረበት። ሰውየው መንገዱ በበረዶ ተዘግቶበት ዘግይቶ መጣ። እኔ አስቤ የመጣሁት ሁሉ ገደል ገባ።

እስር ቤት አሥር ሰዓት ላይ የእስረኛ ቆጠራ አለ። ሰማይ ቢደፋ ተነስተህ ትቆማለህ፤ እጅህ ይታያል፣ አፍህ ይዘጋል። እኛ ጋ ቆጠራው ሲሞላ ትልቁ የብረት በር ጓ ብሎ ይከፈታል፤ እስከዚያ ንቅንቅ የለም። ከወጣሁ ስድስት ወሬ ነው፣ እግሬ ግን ገና አልወጣም። አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ፣ አሥር ሰዓት ሲደርስ ዱቄት ላምጣ እያልኩ መጋዘን ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ቆሜያለሁ። አሠልጣኛችን ሚስ ቬርና ዱቄት የምሰርቅ ሳይመስላት አልቀረም።

«በሉ ልጆች፣ አስገቡ!» ትላለች አሁን።

የእኔን ትሪ ከላይኛው ምድጃ፣ የላማርን ከታችኛው እንከታለን። ደወል አይሰጠንም፤ መድረሱን አሽትቶ መለየት የፈተናው ግማሽ ነው። ሚስተር ሩዲገር ወረቀቱን ይዞ ከሚስ ቬርና ጋር ወደ ዕቃ ማጠቢያው ይሄዳል።

ላማር ወሬውን ይቀጥላል። ዛሬ የያዘው እሱ የታሰረበትን የሰሜኑን እስር ቤት ነው። «እኛ ጋ የበር ጣጣ የለም። አንድ ወፍራም ጠባቂ ሆዱን አስቀድሞ ይመጣና ‹ሞልቷል፣ ተበተኑ!› ብሎ ያንባርቃል። አንድ ቀን መጮሁን ረስቶ እራቱን ሊበላ ሄደልህ! አንድ ሰዓት ሙሉ ገትሮን!» ይንከተከታል።

እኔ አልስቅም። የወለወልኩትን ጠረጴዛ እንደገና እወለውላለሁ። የጨው ዕቃውን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። መጋዘን ልሂድ? ዳቦዬን ማን ያወጣልኛል? ለላማር ልንገረው? የዓመት መሳቂያ ሊያደርገኝ!

አሥር ሰዓት ይሞላል።

እግሬ ይገጥማል። እጄ ወደ ጎን ይወርዳል። ዓይኔ ግድግዳው ላይ ይተከላል። ተንቀሳቀስ አንተ ሰው፣ እላለሁ በሆዴ፤ ዳቦህ ነው፣ ማደሪያህ ነው! ወይ ፍንክች። ሽታው መጀመሪያ ደስ ይላል፣ ከዚያ እየከረረ ይመጣል። በዚህ ዕድሜዬ እንባዬ ይመጣል።

ማጠቢያው ጋ ሚስ ቬርና የያዘችው ትሪ ያመልጣትና ወለሉ ላይ ይወድቃል። ጓ!

እግሬ ይፈታል። ምድጃውን ከፍቼ ትሪዬን እስባለሁ። ዳቦው ላዩ ቀላ ብሎ አምሮበታል። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቀና ስል ላማርን አያለሁ።

ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጓንቱን እንዳጠለቀ፣ እጁ ወደ ጎን፣ ዓይኑ ግድግዳው ላይ። ያ አፍ ተዘግቷል። እኔ መጋዘን ስገባ እሱ ሽንት ቤት ይሄድ ነበር፤ ፊኛህ ሰዓት ያውቃል እያልኩ ስንቴ አሹፌበታለሁ። እሱን ምን እንደሚፈታው ደግሞ አሁን በራሱ አፍ ነግሮኛል። ሁለት ቃል ነው።

የሚወሰደው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ትሪዬ አጠገብ እቆማለሁ። ከታችኛው ምድጃ ቀጭን ጭስ ይወጣል።

«ሞልቷል፣ ተበተኑ!» ብዬ እጮሃለሁ።

ላማር ይባንናል። ምድጃውን በርግዶ ትሪውን ያወጣል። ሚስተር ሩዲገር ሽታው ጠርቶት ይመጣል። «ምን ሆነህ ነው?» ይለዋል።

«ሐሳብ ይዞኝ ሄዶ ነው፣ ጌታዬ።»

ሰውየው የላማርን ዳቦ ይገለብጣል፤ ሥሩ ጠቁሯል። የእኔን ቆርሶ ያኝካል፣ እንደገና ይቆርሳል። «ኦዴል፣ ሰኞ ንጋት ላይ በኋላው በር ና» ብሎ እጄን ይጨብጠኛል። ላማርን «በርታ» ይለዋል።

ብቻችንን ስንቀር ላማር ክንዴን ይይዛል። ዓይኑ ቀልቷል። «ባትጮህልኝ ጨርሶ ከሰል ይሆን ነበር። ውለታህን አልረሳም፣ ወንድሜ።»

«ተወው ባክህ።»

«ብዙ ቆምኩ እንዴ?»

«ኧረ ምንም አልቆምክም።»

ካረሩት ዳቦዎች አንዱን ለሁለት ገምሶ ይሰጠኛል። ጥቁሩን በጥፍሬ እየፋቅኩ እበላለሁ። የጮህኩት እስከ ሃያ ቆጥሬ ነው።